የወይን ጠጅ ወዳጆችን በቴሌግራም ማሰባሰብ፦ አዲስ ገቢ የማያፍርበትን ቡድን እንዴት እንመሥርት?

ከጥቂት ዓመታት በፊት አባል በነበርኩበት አንድ የወይን ጠጅ ቡድን ውስጥ አንዲት ሴት የመጀመሪያ መልእክቷን ጻፈች፦ «ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ወይን ብዙም አላውቅም፤ አክሱሚት ግን በጣም እወዳለሁ። ከእሱ ቀጥሎ ምን ልሞክር?» ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ የመጣላት መልስ «እሱማ ለስላሳ መጠጥ ነው፤ ወይን አይባልም» የሚል ነበር፤ ሦስት ሰዎችም የሳቅ ምልክት አደረጉበት። ሴትየዋ ምንም ሳትመልስ በዚያው ምሽት ከቡድኑ ወጣች። እኔም ዝም ብለው ካዩት አንዱ ነበርኩ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ጥያቄዋ ቀላል መልስ ነበረው። ጣፋጭ ቀይ ወይን የሚወድ ሰው ቀጥሎ በመጠኑ የሚጣፍጠውን የአካሺያ ቀይ ቢሞክር፣ ከዚያም ሜርሎ ወደተባለው፣ ጣፋጭ ባይሆንም አፍን ወደማያስቸግር ቀይ ወይን ቢሻገር ምላሱ ሳይደነግጥ ደረጃ በደረጃ ይለምዳል። በቡድኑ ውስጥ ይህን መልስ ሊሰጡ የሚችሉ ቢያንስ አሥር ሰዎች ነበሩ። የጎደለው እውቀቱ ሳይሆን እንግዳን ለመቀበል አስቀድሞ የታሰበበት ሥርዓት ነው፤ ከዚህ በታች የማቀርበውም ያንን ሥርዓት ከመሠረቱ እንዴት መትከል እንደሚቻል ነው።

አንደኛ፦ በሩን ከመክፈትዎ በፊት ቤቱን ያሰናዱ

ቡድኑን ዛሬ ከፍተው ነገ ማስፈንጠሪያውን በየቦታው አይበትኑት። መጀመሪያ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት የሚሆኑ፣ ጠባያቸውን የሚያውቋቸውን ሰዎች ብቻ ይዘው አንድ ወር ያህል በዝግ ይቆዩ። ኋላ የሚመጡት ሰዎች ጠባይ የሚማሩት ከተጻፈው ደንብ ይልቅ ቀድመው የገቡት ሲያደርጉ ከሚያዩት ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያዎቹ መካከል ሁለት ወይም ሦስት የሚሆኑት ስለ ወይን ገና ጀማሪዎች እንዲሆኑና በግልጽ እንዲጠይቁ ያድርጉ፤ አዲስ ገቢው የቀድሞ መልእክቶችን ወደ ላይ ሄዶ ሲያነብ የእሱን ዓይነት ጥያቄ በአክብሮት ተመልሶ ያገኘዋል። ለዚህም ሲባል የቀድሞ መልእክቶች ለአዲስ አባላት እንዲታዩ የሚያደርገውን ማስተካከያ ከፍተው ይተዉት።

በዚሁ ወር ውስጥ ቡድኑ ስለ ምን እንደሚያወራ ይወስኑ። የእኔ ሐሳብ የማር ጠጅ እንዲገባ፣ ቢራና ውስኪ ግን ለሌላ ቦታ እንዲቀሩ ነው። ምክንያቱን ስለ ጣዕም ቃላት በሚናገረው ክፍል እመለስበታለሁ። ቋንቋው አማርኛ ይሁን፤ ሆኖም በውጭ አገር ያደጉ ልጆች አማርኛን በላቲን ፊደል ሲጽፉ ማንም እንዳያርማቸው ከወዲሁ ይስማሙ።

ሁለተኛ፦ የቴሌግራሙን ማስተካከያ ለአባላቱ ደኅንነት ያብጁ

የመግቢያ ማስፈንጠሪያው የአስተዳዳሪን ፈቃድ የሚጠይቅ ዓይነት ይሁን። ይህ ሰው ለማጣራት ሳይሆን የማስታወቂያ መልእክት የሚረጩ አካውንቶችን ለማስቀረትና እያንዳንዱን ገቢ በስሙ ተቀብሎ ለማስገባት የሚጠቅም ነው። ቀጥሎ ለአባላት በሙሉ ስልክ ቁጥራቸውን እንዲደብቁ የሚያሳስብ አጭር መልእክት ከላይ ይሰኩ፦ በቴሌግራም የግላዊነት ማስተካከያ ውስጥ ስልክ ቁጥርን ማንም እንዳያይ ማድረግ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ይህንን አጥብቄ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሳዑዲ ዓረቢያና በኩዌት ይኖራሉ፤ በእነዚህ አገሮች ለአብዛኛው ነዋሪ የአልኮል መጠጥ በሕግ የተከለከለ ነው። ከዚያ ሆኖ ለትዝታው ወይም ወደ አገሩ ሲመለስ ለመሞከር ብሎ የሚያነብ አባል ስሙና ፎቶው በመጠጥ ቡድን ውስጥ መታየቱ ችግር ሊያመጣበት ይችላል። ስለዚህ በቅጽል ስም መግባት የተፈቀደ ይሁን፤ የሌላ ሰው ፊት ያለበት ፎቶም ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አይለጠፍ።

ሦስተኛ፦ ደንቡ በአንድ ትንፋሽ የሚነበብ ይሁን

ረጅም ደንብ ማንም አያነበውም። እኔ የምጠቀምበት ጽሑፍ ይህ ነው፦ «በሰው ምርጫ አንስቅም። የጠርሙስ ዋጋ መመዘኛችን አይደለም። ለአባል በግል የምንጽፈው እዚህ በግልጽ ፈቃዱን ከሰጠ ብቻ ነው። ሻጮች ሻጭነታቸውን ይናገሩ። ሰው እንዲጠጣ ወይም እንዲደግም አንገፋፋም።»

ሦስተኛው ዐረፍተ ነገር በተለይ ለሴቶች አባላት የተጻፈ ነው። አንዲት ሴት ስለ መጠጥ በግልጽ ስለጻፈች ብቻ በግል የማይፈለግ መልእክት የሚልኩላት ሰዎች በየቡድኑ አይጠፉም። በዚህ ጉዳይ ሁለተኛ ዕድል አልሰጥም፤ አቤቱታው እንደቀረበና መልእክቱ እንደታየ ላኪው ይወጣል። ከአስተዳዳሪዎቹም ቢያንስ አንዷ ሴት ትሁን፤ አቤቱታውን ለወንድ አስተዳዳሪ ከማቅረብ ይልቅ ዝም ብለው መውጣትን የሚመርጡ ብዙዎች ናቸውና።

አራተኛ፦ የመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት

አዲስ ሰው በገባ በአንድ ቀን ውስጥ ሰው፣ ማሽን ሳይሆን ሰው፣ ሰላም ሊለው ይገባል። ለዚህም በየሳምንቱ የሚቀያየር አንድ ተቀባይ ይመድቡ፤ ማኅበርተኞች ጽዋውን በየተራ እንደሚያነሡት ሁሉ እዚህም ተራው ለሁሉም ይድረስ። ትናንት የገባው ሰው ከሁለት ወር በኋላ ተቀባይ ሲሆን ቤቱ የእሱም እንደሆነ ይሰማዋል።

የአቀባበሉ መልእክት አንድ ጥያቄ ብቻ ይያዝ፤ ያም ጥያቄ ማንም ሰው ሊሳሳትበት የማይችል መሆን አለበት። «ስለ ወይን ምን ያህል ያውቃሉ?» የሚለው ፈተና ነው። «መጨረሻ የጠጡት ወይን ምን ነበር? ከማንስ ጋር ጠጡት?» የሚለው ግን ጨዋታ ይጀምራል፤ የልጅ ሠርግ፣ የምርቃት ቀን፣ የገና ማታ ይዞ ይመጣል። ወይን የማይጠጣም ሰው ቢሆን ሌሎች ሲጠጡ አብሮ የነበረበትን ቀን መናገር ይችላል።

የቋንቋችን ጠባይ የሚያመጣው አንድ ጥንቃቄም አለ። አማርኛ ሰውን ሲያናግር «አንተ»፣ «አንቺ» ወይም «እርስዎ» ብሎ መለየት ግድ ይለዋል፤ ቅጽል ስምና የአበባ ፎቶ ብቻ ያለውን አባል ግን ወንድ ይሁን ሴት፣ ታናሽ ይሁን ታላቅ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ ተቀባዩ ሁልጊዜ በ«እርስዎ» ይጀምር፤ አባሉ ራሱ «አንቺ በሉኝ» ወይም «አንተ ይበቃኛል» እስኪል ድረስም በዚያው ይቀጥል። ሃያ ዓመት የሞላትን ልጅ «እርስዎ» ማለት ማንንም አይጎዳም፤ የስድሳ ዓመትን አባት «አንተ» ማለት ግን በመጀመሪያው ቀን ያስቀይማል።

አምስተኛ፦ ለጣዕምና ለመዓዛ የራስዎን ቃላት ያውጡ

ብዙ ሰው ስለ ወይን መናገር የሚያፍረው አፍንጫው ስለማይሠራ ሳይሆን ቃላቱ ስለማይገኙለት ነው። በየጠርሙሱ ጀርባ ስለ ብላክቤሪና ስለ ካሲስ የተጻፈውን ያነባል፤ እነዚያን ፍሬዎች ቀምሶ አያውቅም፤ ስለዚህም «እኔ ምንም አልሸተተኝም» ብሎ ይተወዋል። ቡድኑ ለአባላቱ ሊያደርግ የሚችለው ትልቁ ውለታ ይህንን ማስተካከል ነው፤ ለዚህም ነው ይህን ክፍል ከሌሎቹ ይልቅ የማስረዝመው።

መነሻችን ጠጅ ነው። መጠጡን «ወይን ጠጅ» ብሎ የሰየመው አማርኛ የወይንና የማሩን መጠጥ ዘመዳሞች አድርጎ ተቀብሏቸዋል፤ የጠጅ ቤት ደንበኛም «ለስላሳ»፣ «መካከለኛ»፣ «ደረቅ» ብሎ ማዘዝን ያውቅበታል። ያልፈላው ብርዝ ጣፋጭ ነው። መፍላት ሲጀምር እርሾው የማሩን ስኳር እየበላ ወደ አልኮል ይለውጠዋል፤ ስለዚህ ለስላሳው ጠጅ ገና ስኳር የቀረው ሲሆን፣ ደረቁ ደግሞ ስኳሩ ያለቀበትና የበረታው ነው። በወይንም የሆነው ይኸው ነው። ፈረንጆቹ ድራይ የሚሉት ወይን የእኛ ደረቅ ነው፤ አክሱሚት ለስላሳው ወገን ነው፤ ጉደር ወደ ደረቁ ይጠጋል። ይህን በአንድ አጭር የድምፅ መልእክት ያስረዱት ሰው ሚዛኑን ከዚያ በኋላ አይረሳውም።

ሌሎቹንም እንዲሁ ከቤት ዕቃ ጋር ያገናኙ። ኮምጣጣነት ሎሚ ሲታሰብ ምራቅ እንደሚሞላው ነው፤ ወይኑን ከዋጡ በኋላ አፍዎ ውስጥ ምራቅ ምን ያህል እንደሚመጣ ይጠብቁ። ታኒን የሚባለው ደግሞ ከፍሬው ቅርፊትና ዘር የሚወጣ ነገር ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ የቆየ ጥቁር ሻይ ወይም ያልበሰለ ሙዝ ምላስንና ድድን እንደሚያደርቀውና እንደሚይዘው ያደርጋል። መራራነት ሌላ ነው፤ እሱ ጣዕም ሲሆን ታኒን ግን በአፍ ውስጥ የሚዳሰስ ነገር ነው። ክብደቱን ለመለየት ውኃንና ወተትን ማነጻጸር ይበቃል።

ስለ መዓዛ ደግሞ ቡድኑ የራሱን መዝገብ ይክፈት። በመዝገቡ ውስጥ ኮረሪማ፣ ቅርንፉድ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ በሶብላ፣ ጤና አዳም፣ እንጆሪ፣ ኮክ፣ ትርንጎ፣ ዘይቱን፣ የተቆላ ቡና፣ እጣን፣ የማር ሰም፣ ዝናብ የመታው አፈር ይግቡ። በአንድ ምሽት ከባቱ የመጣ ሲራ የተባለ ቀይ ወይን ስንቀምስ አንድ አባል ለረጅም ጊዜ ዝም ካለ በኋላ «እናቴ የወተቱን ዕቃ በወይራ ስታጥን የሚሸተው ነው» ብሎ ጻፈ። ወዲያው ከአምስት የተለያዩ ከተሞች «አዎ! እሱ ነው!» የሚል መልስ ተከታተለ። ሲራ ብዙ ጊዜ የጭስና የቁንዶ በርበሬ መዓዛ አለው እየተባለ ይነገራል፤ ያ ሰው የተናገረው ግን ከዚያ የበለጠ ትክክል ነበር፤ ሁላችንም የምናውቀውን ጭስ ነውና የጠራው።

ከብላሽ ወይን መዓዛዎች ደግሞ ሁለቱን ማወቅ ይበቃል። እንደ እርጥብ ካርቶን የሚሸት ወይን ቡሹ ያበላሸው ነው፤ እንደ ኮምጣጤ የሚወጋ ደግሞ ባክቴሪያና አየር የጎዱት ነው። ይህን የማያውቅ ጀማሪ ጥፋቱን የራሱ ምላስ ያደርገዋል።

ስድስተኛ፦ የጋራ ቅምሻ ምሽት

በወር አንድ ጊዜ ሁሉም በያለበት ሆኖ አንድ ዓይነት ወይን ይቅመስ። ጠርሙሱ ቢያንስ ከአንድ ሳምንት በፊት ይታወቅ። ለመጀመሪያው ምሽት ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው ባቱ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ከሚበቅለው ወይን የሚጠመቀውን፣ ሪፍት ቫሊ የሚል ስያሜ ያለውን ሲራ እመርጣለሁ፤ ይህ ምርት እ.ኤ.አ. በ2014 ለገበያ የቀረበ ሲሆን በአገር ውስጥ እንደ ልብ ይገኛል። በውጭ ያለ አባል ካጣው ከማንኛውም አገር የመጣ ሲራ ይግዛ፤ ያንኑ የወይን ዝርያ በሁለት አፈር ማነጻጸሩ ራሱ ትምህርት ነው። ሱቅ ሲገቡ ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ የቆመውን ጠርሙስ ይተዉና ከውስጥ፣ ከጥላው እንዲያመጡልዎ ይጠይቁ።

ሰዓቱን ሲያስታውቁ «ከምሽቱ 2 ሰዓት በአዲስ አበባ» ብለው ብቻ አይለፉት። ያ ሰዓት በዱባይ ከምሽቱ 3፣ በዋሽንግተን ደግሞ እንደ ወቅቱ የቀትር 6 ወይም 7 ሰዓት ነው። ስልካቸው በፈረንጅ አቆጣጠር ለሚያሳያቸው ሰዎች 20፡00 ብለው ይጨምሩበት፤ አለዚያ ገሚሱ ስድስት ሰዓት ተሳስቶ ይመጣል።

አንድ የ750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ በ50 ሚሊ ሊትር ሲቀዳ ለ15 ሰው ይደርሳል፤ ለቅምሻ ከዚያ በላይ አያስፈልግም። ጎረቤታሞች የሆኑ አራት አባላት አንድ ጠርሙስ ቢካፈሉ ወጪውም ይቀላል። ብቻውን የገዛ ሰው የተረፈውን ከድኖ ማቀዝቀዣ ውስጥ ካስቀመጠው ሦስት ቀን ያህል ይቆይለታል። ነጭ ወይን ከማቀዝቀዣ ሩብ ሰዓት ቀደም ብሎ ይውጣ፤ ቀይ ወይን በድሬዳዋ ወይም በዱባይ ሙቀት ለጠጪው ግማሽ ሰዓት ማቀዝቀዣ ውስጥ ይግባ፤ በአዲስ አበባ ምሽት ግን እንዳለ ቢቀርብ ከተገቢው ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ብዙም አይርቅም። ከጎኑ ውኃና ቅመም የሌለው ዳቦ ይበቃል።

አሁን ከሁሉም የሚበልጠው ሥርዓት፦ ወይኑ ተቀድቶ ሁሉም እስኪቀምስ ለ20 ደቂቃ ማንም አይጽፍም። እያንዳንዱ ያየውን፣ የሸተተውንና የቀመሰውን በራሱ ወረቀት ይመዝግብ፤ 2 ሰዓት ከ20 ሲል ሁሉም በአንድ ጊዜ ይላክ። አዋቂ የተባለው ሰው «የቼሪ መዓዛ አለው» ብሎ ከቀደመ ሌላው ሁሉ ቼሪ ይሸተዋል። እ.ኤ.አ. በ2001 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት 54 የወይን ሳይንስ ተማሪዎች ሽታ በሌለው ቀለም የቀላ ነጭ ወይን ቀርቦላቸው በቀይ ወይን ቃላት ገልጸውታል፤ ዓይን ይህን ያህል አፍንጫን የሚመራ ከሆነ የታላቅ ሰው ቃል ምን ያህል እንደሚመራ መገመት አያዳግትም። መልእክቶቹ ከተላኩ በኋላ አስተባባሪው መጀመሪያ የአዲሶቹን ያንብብ፤ ከዚያ የነባሮቹን። በመጨረሻም ስም በማያሳየው የቴሌግራም ድምፅ መስጫ «ደግመው ይገዙታል?» ብሎ ይጠይቅ።

ቡድኑ ሲበረታ ስያሜው የተሸፈነ ቅምሻ ይሞክሩ። የቤት ሰው ጠርሙሱን በጋዜጣ ጠቅልሎ ይቅዳ። እ.ኤ.አ. በ1976 በፓሪስ የፈረንሳይ ዳኞች ጠርሙሱን ሳያዩ ሲቀምሱ በቀይም በነጭም አንደኛ ያወጧቸው የካሊፎርኒያ ወይኖች ነበሩ። በእኛም ቡድን ርካሹ ጠርሙስ ውዱን ያሸነፈበት ምሽት ስለ ዋጋ መኩራራትን ከየትኛውም ደንብ በተሻለ አስቀርቶታል።

ከምግብ ጋር የሚደረገው ቅምሻ ለብቻው ምሽት ይያዝለት። ታኒኑም አልኮሉም የበረታ ቀይ ወይን ከዶሮ ወጥ ጋር ሲገናኝ የበርበሬውን ቃጠሎ ያባብሰዋል፤ ትንሽ ጣፋጭነት ያለውና ቀዝቀዝ ያለ ወይን ግን ያበርደዋል። ያቺ አክሱሚት የምትወደው ሴት በዚህ ማዕድ ላይ ብትኖር ኖሮ ከሳቁባት ሁሉ የተሻለ ጠርሙስ ይዛ የምትመጣው እሷ ነበረች።

ሰባተኛ፦ ገንዘብ

ውድ ጠርሙስ ለመቅመስ አነስተኛ እቁብ ማቋቋም ይቻላል፤ በአንድ ከተማ የሚኖሩ ስምንት ሰዎች በየወሩ እኩል እያዋጡ በየተራው ባለ ዕጣው ጠርሙሱን መርጦ ቤቱ ያስቀምሳል። ሒሳቡ ከዋናው ቡድን ውጭ፣ በሚተዋወቁ ሰዎች መካከል ብቻ ይሁን። አስመጪ ወይም ባለ ሱቅ የሆነ አባል ማንነቱን ከተናገረ ዕውቀቱ ይጠቅማል፤ ዋጋ የሚለጥፍበት ቀን ግን በወር አንድ ይሁንለት።

ስምንተኛ፦ ጾም፣ ዕድሜና የማይጠጡ አባላት

የቅምሻ ቀን ሲቆረጥ የቀን መቁጠሪያ ይከፈት። ረቡዕና ዓርብን፣ 55 ቀን የሚቆየውን ዐቢይ ጾምንና ፍልሰታን ማለፍ ለብዙው አባል አክብሮት ነው። በዐቢይ ጾም ወራት ቡድኑ አይዘጋ፤ የወይን ካርታ ማጥናት፣ የመዓዛ መዝገቡን ማሟላት፣ የወይን ፍሬና ጭማቂ ማነጻጸር ለዚያ ጊዜ የተመቸ ነው። በሃይማኖት፣ በጤና ወይም በእርግዝና ምክንያት የማይጠጣ ሰው «ለምን?» ተብሎ አይጠየቅ፤ ማሽተት ብቻውን ሙሉ ተሳትፎ ነው፤ ቀምሶ መትፋትም በሙያው ዘንድ የተለመደና የተከበረ ነው።

በኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ላልሞላው ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል፤ የቡድኑም መግቢያ ዕድሜ ይኸው ይሁን። በአካል የሚደረግ ቅምሻ ላይ የቀመሰ ሰው መኪና አይነዳም፤ ማን ማንን እንደሚያደርስ ከጥሪው ጋር አብሮ ይጻፍ። አንድ አባል መጠጥ እያሸነፈው እንደሆነ በመልእክቶቹ ካስተዋሉ በግል፣ በዝግታና ያለ ወቀሳ ያናግሩት፤ ካስፈለገም ከቡድኑ እንዲርቅ ይርዱት። ከእሱ ጤና የሚበልጥ ቡድን የለም።

ዘጠነኛ፦ ጸብ ሲነሣ

ጸቡን በአደባባይ አይዳኙ። ቴሌግራም አባላት በየስንት ጊዜው አንድ መልእክት ብቻ እንዲልኩ የሚወስን ማስተካከያ አለው፤ ለአንድ ምሽት በአምስት ደቂቃ አንድ መልእክት ቢደረግ ግለቱ ይበርዳል። ከዚያ ያጠፋውን ለብቻው ያነጋግሩ። የተሰደበው ሰው ግን በአደባባይ መካስ አለበት፤ ስድቡ የተነገረው በሁሉም ፊት ነውና። እንዲያውም ከሁሉ አስቀድሞ ለጥያቄው ትክክለኛውን መልስ እዚያው ይጻፉለት፤ ሌላው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ዓመት ሲሞላው የተጠየቁትን ጥያቄዎችና የተሰጡትን ጥሩ መልሶች ሰብስበው «ይህን ከወደዱ፣ ይህን ይሞክሩ» በሚል ርእስ ከላይ ይሰኩ። የእኛ ዝርዝር የሚጀምረው «አክሱሚት ለሚወዱ» በሚለው መስመር ነው።